አንድ ጣት የረዘመችው ሽቦ

ሰው በእጁ ሥራ ሲኮራ ማየት ደስ ይለኛል። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ኮት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ከሰውየው በፊት ኮቱን ሰላም ይላል። አናጢም ለቅሶ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው የበሩን ማጠፊያ ነው። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ስሜ ማቴዎስ ይባላል፤ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ በጥገና ሥራ ላይ ነው የሸበትኩት። «ማቴዎስ የነካው አይበላሽም» ይባላል። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ብሆንም፣ ይባላል።

ክሊኒኩ የራጅ ክፍሉን ሲያሰፋ ኮምፒውተሩ ወደ ጎን ክፍል ተዛወረ። ምስሉን ከራጁ ሰሌዳ፣ ጨረሩን ተቀብሎ ምስል ከሚያነሳው ጠፍጣፋ ዕቃ፣ የሚያመጣው ገመድ ግን አጠረ። ምን ችግር አለው? ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ በብየዳ ካውያ በየድኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ብታዩት ታመሰግኑኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። የክንድ አጥንት ይነሳና መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር ይጋደምበታል። አዲስ አበባ ላለው የሻጩ ባለሙያ ደወልን። ሳያየው «ሰሌዳው ሞቷል፣ ይቀየር» አለን።

በዚህ መሃል አቶ ላምቤቦ መጡ። የሌሞ ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ ከጋሪ ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎድተዋል። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ራጅ አነሳቸው፣ ሁለቱም ጊዜ ጥቁሩ መስመር ልክ ዳሌያቸው ላይ አረፈ። የአጥንት ስብራት ይሁን የማሽን ስብራት የሚለይ ጠፋ። ወደ ሌላ ከተማ ሊላኩ ሆነ፤ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ዳሌ። አብራቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የክሊኒኩ ነርስ ናት አስቴርን ያስታወሰችው። አስቴር የከምባታ፣ የሺንሺቾ ልጅ ናት፤ እዚህ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። ሲደወልላት ሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያዋን፣ ኦሲሎስኮፗን፣ በቦርሳ ይዛ መጣች። ማንንም ሳትወቅስ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠችና የመረጃውን ፍጥነት ቀንሳ የሙከራ ምስል አስላከችው። ምስሉ እየተጎተተ መጣ፤ ግን አንድም መስመር የለበትም። ፍጥነቱን መለሰችው፣ መስመሩም ተመለሰ።

«ሰሌዳው ደህና ነው» አለች። «ቀስ ሲል ይሰማል፤ ሲፈጥን ነው የሚምታታው።»

ከዚያ ገመዱን በእጇ እየዳበሰች ሄዳ ናስትሮው ላይ ቆመች።

«ጋሼ ማቴዎስ፣ ይሄን ማን ቀጠለው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በኩራት ነው የመለስኩት። «እኔ ነኝ።»

ናስትሮውን ፈታች፣ ኦሲሎስኮፗንም አገናኝታ ሞገዱን አየች። «ብየዳዎ ያምራል። ግን ይቺ ሽቦ ከጓደኛዋ አንድ ጣት ትረዝማለች።»

«አንድ ጣት ምን አላት?»

«ለመብራት ምንም። እነዚህ ግን አንድ መልእክት ለሁለት ተሸክመው እኩል መድረስ አለባቸው። አንዷ ትንሽ ከዘገየች ኮምፒውተሩ ዜሮውን አንድ፣ አንዱን ዜሮ ብሎ ያነባል።»

ጆሮዬ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ በጣት ተለካሁ። እሷ ግን ለሌሎቹ ሳታሳጣኝ ካውያውን አንስታ ለኔው ሰጠችኝ።

የቀጠልኩትን ትርፍ ገመድ አወጣን። ሽቦዎቹን በማስመሪያ ለክታ እኩል አስቆረጠችኝ፣ የመጀመሪያውን መሰኪያ መልሼ በየድኩ፣ አጭሩ ገመድ እንዲደርስም የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ወደ ራጁ ክፍል ግድግዳ አስጠጋነው። ኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዶቹ ሲደራረቡ የዓይን ቅርጽ ይሠራሉ፤ ቅድም እንቅልፍ የያዘው ይመስል የነበረው ዓይን አሁን ወለል ብሎ ተከፈተ። አስቴር ፈገግ አለች። እኔም ምኑም ሳይገባኝ ፈገግ አልኩ።

አቶ ላምቤቦ እንደገና ራጅ ተነሱ። ምስሉ ሙሉ ነበር፤ ከቦታዋ ያልተነቃነቀች ቀጭን ስንጥቅ ታየች። «በዕረፍት ይድናል፣ የትም አይሄዱም» አለ ሐኪሙ። ልጃቸው የአስቴርን እጅ ይዛ በሀዲይኛ መረቀቻት፣ አስቴር ደግሞ በከምባትኛ «አሜን» የሚመስል ነገር መለሰች። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ከምባታው «የኛ ልጅ ናት» አለ፤ ሀዲያውም «ያገባችው እዚህ ነው፣ የኛ ናት» አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በሳምንቱ የአዲስ አበባው ባለሙያ ደወለ። ሰሌዳው ሳይቀየር መሥራቱን ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ምስል የሚቆራርጥ ማሽን ሌላም ቦታ ገጥሞታል።

«ማን ነው የሠራላችሁ? ስልክ ቁጥሩን ስጠኝ» አለኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ሰጠሁት። የሷን ብቻ።