ባለ ፔርሙሱ ጎረቤቴ

በየሰፈሩ፣ አገር ሳይለቅ ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ተመላሽ ጀሚል ይባላል፤ እኔ በሆዴ ክቡርነቱ እለዋለሁ። የሄደው ኮምቦልቻ ድረስ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ቻይናዎች በሚያሠሩት ፋብሪካ ሦስት ዓመት በር ጠብቆ ተመለሰ። ሌላው ሰው ከፋብሪካ ሲወጣ የሥራ ልምድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። እሱ ይዞ የመጣው አንድ ቀይ ፔርሙስና አንድ ትምህርት ነው፤ "ሙቅ ውሃ ይጠጡ!"

ሻይ እንዳይመስላችሁ። ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው፤ ባዶ ሙቅ ውሃ ነው። ጉንፋን የያዘው ሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ ሆዱን የቆረጠውም ሙቅ ውሃ ይጠጣል። የጎረቤታችን የሰርካዲስ ልጅ ትዳሯን ፈትታ የመጣች ዕለት፣ ሁላችን የምንለው ጠፍቶን ስንቀመጥ፣ ክቡርነቱ ቀዳና "በይ እስኪ ይችን ፉት በይ" አላት። ጠጥታ አለቀሰች። ቀለላት አሉ። እኔ ያቀለላት እንባው ነው ባይ ነኝ።

አንድ ቀን በሰው ፊት አፋጠጥሁት። "ደሴስ ብርድ ናት። በኮምቦልቻ ሙቀት ሙቅ ውሃ ምን ይሉታል?"

"ወላሂ ጋሽ አግማስ፣ እዚያው ሐሩር ላይ ነው የሚጠጡት! ላባቸው እየወረደ፣ እፍ እያሉ! ቀዝቃዛ ስጠጣ ያየኝ አንድ ሽማግሌ ቻይና እንደ መርዝ ነጠቀኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መጥቶ ኩባያዬን በሙቅ ውሃ ይሞላልኛል። ቋንቋ የለን፤ ሞልቶልኝ ይሄዳል። እንዴት አደርህ ማለቱ ነው።"

ሰው ሁሉ "ወይ ደግነት!" አለ። ላሳፍረው ብዬ አስመሰገንሁት።

አልደብቅም፤ ቀናሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ያለ መምህር ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን የመድኃኒት ወረቀት የማነብ፣ ምክር የምጠየቅ እኔ ነበርሁ። አሁን በደጄ አልፈው ወደ እሱ ይሄዳሉ። ይህንስ እችለው ነበር። ያልቻልሁት የባለቤቴን የገበያነሽን ነው።

ጨጓራዋን ያማታል። "ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ" እያልሁ፣ ከጤና መጽሐፍ ገጹን እያሳየሁ አሥራ አንድ ዓመት መክሬያታለሁ። መልሷ "እንግዲህ አንተና መጽሐፍህ!" ነበር። ጀሚል በተመለሰ በሳምንቱ ግን በማለዳ በረንዳችን ላይ ተቀምጣ እፍ እያለች ስትጠጣ አገኘኋት። ያውም በእኔ ብርጭቆ!

"አንቺ! እኔ ስልሽ የኖርሁትን፣ ትናንት የመጣ ዘበኛ ሲልሽ ሰማሽ?"

ብርጭቆውን አስቀመጠች። "አንተ አፍልተሽ ጠጪ አልኸኝ። እሱ አፍልቶ አመጣልኝ።"

መጽሐፌን ገለጥሁ። አፍልቶ ስለ ማምጣት የሚል ገጽ የለውም።

በነጋታው ከእሱ ቀድሜ ተነሣሁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምድጃ ነክቶ የማያውቅ እጄ ከሰል አቀጣጠለ። ጭሱ ዓይኔን ቢያጠፋውም ውሃው ፈላ። ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ፉት አለች። ፈገግም አለች፤ እንዲህ ፈገግ ስትልልኝ ካየሁ ቆይቻለሁ።

"እንዴት ነው?"

"ደግ ነው። ብቻ ጭስ ጭስ ይላል። የጀሚል አይልም።"

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጀሚል ፔርሙሱን ታቅፎ ቆሟል። ከሰል የነካውን እጄንና ማንቆርቆሪያውን ሲያይ ፔርሙሱን ቀስ ብሎ ኮቱ ውስጥ ሸሸገ።

"እኔማ በዚህ ሳልፍ ነው ጋሽ አግማስ" አለና ሊመለስ ዞረ።

"ና ግባ፣ አንተ ሰው!" አልሁት። "ለምንድን ነው ጭስ ጭስ የሚለው?"

ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አየና፣ ገበያነሽ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ከሰሉ ፍም ሳይሆን ጥደውት ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እትዬ ገበያነሽ፣ የዛሬውስ ውሃ ከእኔም ይበልጣል!"

በደንብ አድርጎ መጥላት እንኳ የማያስችል ጎረቤት!