ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሞተር መቃኘት

ፈጣን ማኪና ያለው ሰው ዕረፍት የለውም። ባለ ዘገምተኛው መንገዱን እያየ፣ ለሰው ሰላምታ እየሰጠ ይደርሳል። የባለ ፈጣኑ ጆሮ ግን ሁልጊዜ ሞተሩ ላይ ነው፤ ትናንት እንዲህ ትል ነበር? ዛሬ ምነው ከበዳት? የሰው ልጅ ለጤናው እንዲህ ቢጨነቅ ሐኪሞች ሥራ በፈቱ ነበር።

የእኔዋ ነጭ፣ ባለ ሁለት በር ነበረች። የቀድሞ ባለቤቷ ወገቧን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ገጥሞ፣ የጭስ ማውጫዋን አስፍቶ ነው የሸጠልኝ። ጎንደር አራዳ ከመድረሴ በፊት ድምፄ ይደርሳል። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ዱባይ ጋራዥ የሚሠራው የእህቴ ባል የሞተር መቃኛ ላከልኝ። ስልክ የሚያህል ባለ ስክሪን ዕቃ ነው፤ ገመዱ ከመሪው ሥር ይሰካና የሞተሯን ኮምፒውተር እንደ አዲስ ያዝዛል። «አዲሱን ትእዛዝ ከመጫንህ በፊት የድሮውን አስቀምጥ» ሲል ሦስት ጊዜ ነግሮኛል።

ታናሽ ወንድሜ የአዲ አርቃይ ልጅ ወደደ። አባቷ በቀጠሮ የማይቀልዱ ሰው ናቸው፤ ከእኛ በፊት ያረፈዱ ሽማግሌዎችን ከበር መልሰዋል አሉ። እኛን ለቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቀጠሩን። እናቴ በሚኒባስ ሂዱ ብትልም እኔ መቼ ሰምቼ! ሦስት ሽማግሌዎች አሳፍሬ በማለዳ ከጎንደር ወጣሁ። የሟቹ አባቴ ባልንጀራ አያ ፈንቴ ከፊት ተቀመጡ፤ ሁለቱ ከኋላ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ክብራቸውን እንደምንም ጠበቁ።

ዳባትን አልፈን ሽቅቡ ሲበረታ ማኪናዋ ለገመች። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የማንም ሞተር ይደክማል። እኔ ግን አላስችል አለኝ። ደባርቅን እንዳለፍን፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ጥግ ይዤ ቆምሁ።

«ምነው ቆምህ?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ጉልበት ልጨምርላት ነው።»

«ከዚህ ወዲያ እኮ ቁልቁለት ነው።»

እጄ ከጆሮዬ ቀደመ። ገመዱን ሰካሁ። ስክሪኑ በጨዋ ደንብ «የነበረውን ላስቀምጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጊዜው ሞልቷል። ችኩል ሰው ግን ጊዜ ሲተርፈውም ይቸኩላል። እለፈው አልሁት። አዲሱ ተጭኖ ግማሽ ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው፣ «የት ደረሳችሁ?» ይላል። ተቀምጬ ላነጋግረው እችል ነበር። እኔ ግን ስልክ ሳወራ መንጎራደድ ልማዴ ነውና ዘልዬ ስወርድ እግሬ ገመዱን ነቀለው።

ስክሪኑ ጠፋ። ቁልፉን ባዞረው፣ ደግሜ ባዞረው፣ ሞተሯ ጭጭ አለች።

«ምን ሆነች?»

«አእምሮዋን አጣች፣ አያ።»

አያ ፈንቴ ትክ ብለው አዩኝ። «እኔስ የምፈራው ለእሷ አይደለም» አሉ።

ዱባይ ደወልሁ። «አይዞህ፣ ያስቀመጥኸውን መልሰህ ጫን» አለኝ የእህቴ ባል። «እለፈው ብዬው ነበር» አልሁት። «ሦስት ጊዜ ነግሬህ!» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ኮፈኗን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ከኮፈኗ ሥር የተበላሸ ነገር የለም፣ እጄ ግን አላርፍ አለ። ሚኒባሶች ሞልተው ያልፋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሽንኩርት የጫነ የጭነት ማኪና አዘነልን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢና ገቡ፤ አያ ፈንቴ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሽንኩርቱ ላይ ወጡ። እኔ ልውጣ ብል፣ «አንተ ካለህበት አትነቃነቅ» አሉኝ። የወንድሜ ትዳር በሽንኩርት ታጅቦ ቁልቁል ወረደ።

ቀኑን ሙሉ ማኪናዋን ስዞር ዋልሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷስ የምትለቅመው ነበራት። የወንድሜን ስልክ ግን ማንሳት አቃተኝ።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎቹ በአውቶቡስ ተመለሱ። የጭነት ማኪናው ሾፌር መንገድ ላይ፣ ድብ ባሕር ከተማ፣ ሽንኩርት ሲያራግፍ ሰባት ሰዓት ሆኗል። አዲ አርቃይ ሲደርሱ የልጅቱ አባት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን አሏቸው?» አልሁ።

«እውነቱን ነገርኋቸው። ያረፈደ ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ ሽንኩርት ላይ ተቀምጦ የመጣ ሽማግሌ ግን ገና ዛሬ አየሁ ብለው አስገቡን። ታናሹም እንደ ታላቁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አይደለም ብለን ሦስታችንም ማልን።»

«እሺ አሉ?»

«ሸጋ አድርገው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ቃል ብቻ አስገቡን።»

«ምን?»

«አንተ ሳምንት ሲቀረው ከጎንደር እንድትነሳ።»