መርዶ የተከራከሩት እትዬ ሸዋርካብሽ

ገና ከሩቅ ሲያያት «ዛሬ ዕቃ የለም» ለማለት የሚዘጋጅላት አንዲት ገዢ የሌለችበት ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አይገኝም። ሰላሁዲን ራጉኤል ሥር ሹራብ ይሸጣል፤ ለእሱ የደረሱት ክብርት የዋጋ ቅነሳ ሚኒስትር እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው።

«ጅምላው ጨመረ እኮ፣ እትዬ» ሲላቸው መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

«ሲጨምር በዓይንህ አይተሃል ወይስ ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«ማን?»

የነገረውን ይጠራል። ለነገረውስ ማን ነገረው? እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው እስከ ሰባተኛው ሰው ሲጣራ ይውልና፣ ምሳው ያለፈበት ሰላሁዲን «ይውሰዱት በቃ» ይላል። አንዴ ሐኪም ስኳርዎ ከፍ ብሏል ቢላቸው «ማሽንህ ዕድሜው ስንት ነው?» ብለው አስደግመው አስለኩ። ሁለተኛው ቀንሶ ወጣ።

ሹራቡን የሚገዙት ለልጃቸው ለምንይሉ ነው። ምንይሉ ወታደር ነው፤ ወደ ሰሜን ከዘመተ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። በሦስተኛው ወር ስልኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሞቷል የሚል ወረቀት የለ፣ አለሁ የሚል ድምፅ የለ። ክረምት በገባ ቁጥር እናቱ አንድ ሹራብ ይገዙለታል፤ አራቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

ባለፈው ሐምሌ ከጦሩ የተመለሰ አንድ ልጅ ወሬ ይዞ መጣ። እድሩ መክሮ መርዶው በማለዳ እንዲነገራቸው ወሰነ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ሰላሁዲንን «ከእሷ ጋር ትግባባላችሁ» ብለው ቀሰቀሱት። መግባባት ይሉታል።

በሩን ከፍተው ጋቢ የለበሱ አምስት ሰዎች ሲያዩ እትዬ ሸዋርካብሽ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ሸዋርካብሽ» አሉ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ፣ «ምንይሉ አርፏል።»

እትዬ ሸዋርካብሽ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

«የመጣው ልጅ በዓይኑ አይቷል?»

«ጓደኛው ነግሮት ነው።»

«ጓደኛውስ ቀብሮታል?»

«ቆስሎ ሲወድቅ አይቷል። ከዚያ ሁሉም በየፊናው…»

«እንግዲያው ቆስሏል በሉኛ።»

ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ወደ ሰላሁዲን ዞሩ። ሰላሁዲን መሬት መሬት አየ፤ ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ያውቀዋል።

«ተማርኳል ያለ አለ?»

«የለም።»

«አልተማረከም ያለስ?»

«እሱም የለም።»

ሱቆች ሲከፈቱ፣ «አርፏል» ተብሎ የተጀመረው «አልታወቀም» ላይ ደርሶ ነበር። ድንኳን ሳይተከል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

«ትንሽ ብንቆይ» አሉ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ «ለምንይሉ ሠርግ መዋጮ ታስወጣን ነበር።»

በሳምንቱ እትዬ ሸዋርካብሽ ሱቅ መጡ። ሰላሁዲን ሹራብ ዘረጋላቸውና እንዲከራከሩት ሆን ብሎ የማይሆን ዋጋ ጠራ። እሳቸው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ሰላሁዲን ፈራ። «ጅምላው ጨምሮ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ይሁን።»

«በዓይኔ አላየሁም። ነግረውኝ ነው።»

«ደክሞኛል፣ ሰላሁዲን ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ዝም ብሎ ለሚከፍል ሰው አልሸጥም።» ሹራቡን መልሶ አጠፈው።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ በደጁ አለፉ፤ ሁለት ገዢዎች ጠይቀው መልስ አጥተው ሄዱ። ሰላሁዲን ጠበቀ። በመጨረሻ እትዬ ሸዋርካብሽ እጃቸውን ዘረጉና ሹራቡን ስበው በስንዝር ለኩት።

«እጅጌው አጭር ነው» አሉ። «ምንይሉ እኮ እጁ ረጅም ነው።»

እጅጌው አላጠረም። ሰላሁዲን «እውነትዎን ነው» ብሎ ሌላ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ፤ ቶሎም አልወጣ።