ሥራው ማየት የሆነ ሰው

ሥራው ማየት ብቻ የሆነ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። ለአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ወርዋሪ የሚመለምል ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ናታን ኳስ ሲወረውር ሊያይ ለንደን ድረስ መጣ። ፓርኩ ውስጥ ቆሞ ዓይኑን የልጁ ክንድ ላይ ተከለ። አይስቅም፣ አይናገርም፣ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። አገር ቤት ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሰው ልጁን የሚያሳይ ማን አለ?

እህቴ ጥሩነሽ ኮቴን ጨምድዳ ያዘች። "ወንድሜ፣ ሊበላብኝ ነው!"

ሰውየው ቀረብ ብሎ "እንዲህ ያለ ክንድ አይቼ አላውቅም" አላት። "ከዓይን ያውጣው" የለ፣ ምን የለ! ክው አለች። እኛ ልጃችን ሲደነቅ ምን እናደርጋለን? እናጣጥላለና! በዚያች በእንግሊዝኛዋ "ኧረ ምንም አይረባ! ክንዱን ያመዋል፤ ሲያቃስት ነው የሚያድረው" አለችው። እኔም ከፍርሃቴ የተነሳ "በጣም እንጂ" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

መልማይ ከፍጥነትም ከቁመትም በፊት የሚፈልገው ጤነኛ ክንድ መሆኑን ማን ይንገረን? ሰውየው የፍጥነት መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ በትህትና ጨብጦን ሄደ።

አውቶቡስ ውስጥ ናታን "ማሚ፣ ዋይ? ለምን?" አላት።

"ከዓይኑ አተረፍኩህ፣ ልጄ። ተመስገን በል!"

ልጁ ያንን ምንም ሕመም ያልነበረበትን ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ፣ ሰፈራችን ስትሪትሃም እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ያን ጊዜ ገና በእውነት ያመመው መሰለኝ።