ከክቡር ሊቀመንበሩ ፊት መሮጥ ክልክል ነው

ሰው ሲሞት በሥራው ይታወሳል ይባላል። ወንድሜ ግን ዕድለኛ ስለሆነ በኮሚቴ ታወሰ።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነበር። በዓመት አንድ እሑድ ጧት ሱቁን ሳይከፍት ቤተሰቡንና ጓደኞቹን በሩ ላይ ይሰበስባል። የደንበኛ አንገት ላይ የሚያስረውን ነጭ ጨርቅ አንዴ ሲያራግበው ሩጫው ይጀመራል። በገበያው መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ የውሃ ታንከሩን ዞሮ፣ ወደ ሱቁ መመለስ ነው። ሌላ ሕግ የለውም፤ ሽልማትም የለውም። ሁልጊዜ አንደኛ የሚገባው እሱ ነው፤ ገብቶ ግን አይቀመጥም። ዞሮ ይወርድና መጨረሻ የቀረውን ሰው ክንዱን ይዞ ያመጣዋል። መጨረሻ የምትቀረው ደግሞ ሁሌም እናታችን ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት አትሮጥም፣ ትሄዳለች።

“ልጄ መጥቶ እስኪወስደኝ ነው የምንቀራፈፈው” ትለን ነበር፤ “ብፈልግማ ማናችሁም አትደርሱብኝም!”

እኛም እንስቅ ነበር።

ወንድሜ አምና አረፈ። ሐዘናችን ገና ሳይበርድ የሰፈሩ ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጥተው አጽናኑን። “ሟቹ የእናንተ ብቻ አልነበሩም” አሉ። “ስለሆነም ሩጫውን ከቤተሰብ ደረጃ ወደ ተቋም ደረጃ ማሸጋገር አለብን።” ወንድሜ በሕይወት ሳለ እኚህ ሰው አንድም ቀን ብቅ ብለው አያውቁም። አይፈረድባቸውም። ሥራ የሚበዛበት ሰው የሞተውን አክብሮ ሳይጨርስ ያለውን የሚያከብርበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ኮሚቴ ተቋቁሞ ተቀመጠ። ስለ ሩጫ ሲባል ይህን ያህል የተቀመጠ ሰው በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። በመጨረሻም ታላቅ ውሳኔ ወጣ፦ ከክብር አኳያ ማንኛውም ተሳታፊ ከክቡር ሊቀመንበሩ ፊት መሮጥ አይችልም። ከእሳቸው ቀጥሎ ምክትላቸው፣ ቀጥሎ ጸሐፊው፣ ቀጥሎ የሟች ቤተሰብ፣ ከዚያ ሕዝቡ እንደየአቅሙ ይከተላል። ምስኪን ወንድሜ! ሰው ሰውን መቅደም ብልግና መሆኑን ሳያውቅ ሞተ።

በዚያው ዓመት፣ በሩጫው እሑድ ጧት እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የወንድሜን ጫማ ስታስር አገኘኋት።

“እማዬ፣ ይሰፋሻል እኮ።”

“ካልሲ ደርቤያለሁ።” ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ቀና ሳትል “ዘንድሮ ማን ይመለስልኛል?” አለችኝ።

“እኔ እመለስልሻለሁ።”

“አንተ? ታንከሩ ጋ ስትደርስ ጎንህን የሚወጋህ ልጅ?”

“ቢወጋኝም እመለሳለሁ።”

“እንግዲህ እናያለን” አለች።

ሱቁ በር ላይ ሪባን ተወጥሯል። ነጩ ጨርቅ ተተኩሶ በትሪ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ከወገባቸው ጠበቅ፣ ከሆዳቸው ገፋ ያለ አዲስ ቱታ ለብሰው ንግግር አደረጉ። “ሩጫ ማለት ወደ ፊት ማለት ነው። ዛሬ ማንም ማንንም ሳይቀድም ሁላችንም አንደኛ እንወጣለን!” ተጨበጨበ። ጨርቁን አራገቡና ተነቃነቅን።

ከኋላዬ የነበረው የወንድሜ ጓደኛ፣ ባለታክሲው፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

“ስማ፣ ይሄ ሩጫ ነው ቀብር?”

“ቀብሩማ ከዚህ ይፈጥን ነበር” አልኩት።

ፋርማሲው ጋ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ለአንድ ወዳጃቸው እጅ ለማውለብለብ ቆሙ። ጸሐፊው ወዲያው ዞሮ ጮኸ። “ፎቶ እየተነሳ ነው! ባላችሁበት ሩጡ!” ሰፈሩ በሙሉ ባለበት ሮጠ። አክስቴ ጉልበቷን እያነሳች፣ “ባለሁበትማ ቤቴም መሮጥ እችል ነበር፤ ምን አስወጣኝ?” ስትል ሰማኋት።

ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ስለሚሄድ ታንከሩ ጋ ደረስን። ዞርን፤ ከፊታችን ዳገቱ ብቻ ቀረ። ሊቀመንበሩ ዳገቱን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉና አጎነበሱ። ትንፋሻቸው ታንከሩ የፈሰሰ እስኪመስል ድረስ ይሰማል።

ጸሐፊው ድምፅ ማጉያውን አነሳ። “ክቡር ሊቀመንበሩ የመንገዱን ይዞታ በቅርበት እየገመገሙ ነው!”

አለቃ አጎንብሶ ቀጥ ማለት ነውር ነውና ምክትላቸው አጎነበሱ። ጸሐፊው አጎነበሰ። ቀጥሎ ተራው የሐዘንተኛ ነበር፤ አጎነበስን። ከኋላችን ያለው ሕዝብ ተከታትሎ አጎነበሰ። ለእናቴ ልመለስላት ቃል ገብቼ ነበር፤ ለመመለስ ግን አስቀድሞ መቅደም ያስፈልጋል። ለመቅደም ደግሞ ፈቃድ አልነበረም።

በዚህ መካከል ከኋላ የሰፊ ጫማ ኮቴ ተሰማ። እናቴ ናት። በዚያው በተለመደ አካሄዷ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሰልፉ ጎን መጣች። ያጎነበሰውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አየችውና፣

“ምን ጠፋባችሁ?” አለች።

“እማማ፣ ማለፍ ክልክል ነው!” አለ ጸሐፊው።

“ለምን?”

“ክቡር ሊቀመንበሩ ፊት ናቸው።”

“ፊት ከሆኑ ለምን ቆሙ?”

ጸሐፊው ይህ ጥያቄ በአጀንዳ ስላልተያዘ ወደ ምክትሉ ዞረ። እናቴም አለፈችን። ሁላችንም አንገታችንን ብቻ ቀና አድርገን ትንሽ ሆና፣ በወንድሜ ጫማ፣ ዳገቱን ስትወጣ አየን። ሪባኑ ጋ ደረሰች። ጥበቃው፣ “እማማ፣ እሱ የሚቆረጠው በሊቀመንበሩ ነው” ቢላት፣ “አልቆርጠውም” ብላ በአንድ ጣቷ አነሳችውና ከሥሩ አለፈች። የተዘጋውን የሱቅ በር በመዳፏ ነካችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዞራ ቁልቁል መጣች።

ወደ እኔ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሊቀመንበሩን ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

“ተነስ ልጄ፣ አይዞህ።”

“እናቴ፣ እኔ እኮ…” አሉ እያለከለኩ፣ “አንደኛ ነኝ።”

“የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። የቀራችሁት ሁላችሁም መጨረሻ ናችሁ። በአንተ ልጀምር።”

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲገቡ የተጨበጨበላቸው ጭብጨባ በንግግራቸው ሁሉ አግኝተውት አያውቁም። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ጥርጣሬ አልገባቸውም። ኮሚቴውም በሳምንቱ ተቀመጠና ወሰነ፦ መጨረሻ መግባት ከፍተኛ ክብር ያለው መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ቦታው ለክቡር ሊቀመንበሩ ብቻ ይጠበቅ፤ ማንኛውም ተሳታፊ እሳቸውን የመቅደም ግዴታ አለበት።

ዘንድሮ እንግዲህ በመመሪያ ሮጥን። ባለታክሲው እየተሳደበ፣ አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ልክ እንደ ወንድሜ ጊዜ እየተገፋፋንና እየተሳሳቅን ሮጥን። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ገባሁ። የሱቁን በር ነክቼ፣ ጎኔን ይዤ ተመልሼ ወረድኩ።

ታንከሩ ጋ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

“ይቅደሙ እናቴ፤ መመሪያ ነው።”

“አንተ ቅደም። እኔ ሰው እየጠበቅሁ ነው።”

አየችኝ። “መጣህ? ጎንህን አልወጋህም?”

“ወግቶኛል።”

ሳቀችና ክንዷን ሰጠችኝ። ሊቀመንበሩ ዳገቱን ሽቅብ አማተሩ። ምክትላቸውና ጸሐፊው መመሪያውን አክብረው ቀድመው ገብተው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ።

“እኔንስ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ማነው የሚመለስልኝ?”

ይህን ኮሚቴው አላየውም ነበር።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ በሌላው ጎኗ ያለውን ክንድ ዘረጋችላቸው።

“ና እንግዲህ” አለች፣ “ይሄኛው ካምና ጀምሮ ባዶ ነው።”