የኤርመሊንዳ አሥራ አንድ ጎጆዎች

የትም አገር ይሁን፣ ስብሰባ በተጠራበት ቦታ ሁሉ አንዲት ሴት አትጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ማየት ሲጀምር፣ እጇን የምታነሳው እሷ ናት። አዳራሹ ያቃስታል። እሷ አትሰማም፤ ወይም ትሰማና ደስ ይላታል። መነጽሯን ታጠልቃለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ «ሁለት ነገር ብቻ» ትልና ሰባት ነገር ትናገራለች።

የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ኤርመሊንዳ ትባላለች። የምንኖረው በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት ብዙም ሳይርቅ ነው። አበልጄ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሽሪምፕ ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመን ከባሕር የሚወጣውን ትንሽ ፍጥረት፣ የሽሪምፕን ራስ ስንቆርጥ ኖረናል። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ ከአለቃችን ጋር የተነጋገርኩት ምናልባት ስድስት ጊዜ ይሆናል። እሷ በቀን ስድስት ጊዜ።

ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ይመዝገብልኝ!» ነው። ጓንት ከተቀደደ፣ «ጓንቱ ተቀዷል፤ ይመዝገብልኝ!» በረዶው ከዘገየ፣ «ሃያ ደቂቃ፤ ይመዝገብልኝ!» ቄሱ ስብከት ሲያስረዝሙ ሰዓቷን አይታ ወደ ጆሮዬ ትጠጋለች፤ «ሠላሳ አራት ደቂቃ፣ አበልጄ።» ባሏ በተቀበረበት ዕለት እንኳ የአስከሬኑ መኪና ዘግይቶ ሲመጣ፣ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው እጇ ታርጋውን አሳየችኝ።

ለእኔ ያሳየችኝ መዝጋቢዋ እኔ ስለሆንኩ ነው። የእሷን ጽሑፍ እሷም አታነበውም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ጽሑፌ ግን ንጹሕ ነው ይላሉ። ስለዚህ ደብተሩ በኔ ቦርሳ ይዞራል። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ከእሷ ጀርባ ተቀምጬ መጻፍ ይመቸኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ አፍሬባታለሁ። አንገቴን ደፍቼ እየጻፍኩ በሆዴ «ምነው አሁን ብትቀመጥ» እላለሁ።

ሮኬት የሚያስወነጭፈው ኩባንያ ወደኛ ባሕር ዳርቻ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ኤርመሊንዳ ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችውን ሥራ አገኘች። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሙከራ ባለ ቁጥር ይዘጋል። ሙከራው ይሰረዝና መንገዱ ተዘግቶ ይውላል። በፋሲካ ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ድንኳኑንና የሥጋ መጥበሻውን ጭኖ ወደ ዳርቻው የሚወርድበት ልማድ አለን፤ ልጆች በባለቀለም ወረቀት ቁርጥራጭ የተሞላ የእንቁላል ቅርፊት አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ይሰብራሉ። አንድ ዓመት በቅዳሜው መንገዱ ተዘግቶ አርባ መኪና በፀሐይ ቆመ። ወይዘሮ ኤርመሊንዳ ከመኪና ወደ መኪና እየዞረች ስም አስመዘገበችኝ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የምናድል መስሎት በደስታ ስሙን ሰጠ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። በሚወነጨፍበት ቀን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ስትሰሙ ከቤት ውጡ፣ መስኮት ሊሰበር ይችላል ይላል። በመጀመሪያው ጊዜ አልወጣችም፤ የጓዳሉፔዋ እመቤታችን የሸክላ ምስል ከመደርደሪያ ወድቃ አፍንጫዋ ተሸረፈ። በሁለተኛው ጊዜ ምስሏን ታቅፋ ጓሮ፣ ከዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠች። የክረምት ካፖርቷን ለብሳ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የልጇ ባል ኖርቤርቶ እዚያው ማስወንጨፊያው ላይ ብየዳ ይሠራል። እሑድ ምሳ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክርክር ነው።

«እማማ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ሊሰፍር ነው፤ እርስዎ ስለ አፍንጫ ያወራሉ።»

«ጨረቃ ላይ የሚሸተት ነገር የለም፣ ልጄ። አፍንጫ የሚያስፈልገው እዚህ ለምንኖረው ነው። ባቄላውን አቀብለኝ።»

ወፎቹን ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነው። በሕይወቷ ከዶሮ ሌላ ወፍ አስተውላ አታውቅም። መንገድ ተዘግቶ ስንጠብቅ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ጨዋማ ሜዳ ላይ አንዲት አሸዋ የመሰለች ትንሽ ወፍ ክንፏን እየጎተተች ስታነክስ አየን። እኛ ቾርሊቶ እንላታለን። ጎጆዋ የሚባለው በአሸዋ ላይ የተጫረ ጎድጓዳ ነው፤ እንቁላሎቿም ጠጠር ነው የሚመስሉት። ሰው ሲቀርባት የተሰበረች መስላ ከእንቁላሎቿ ታርቀዋለች።

ወይዘሮ ኤርመሊንዳ ቆማ አየቻት። «አታስመስይ!» አለቻት። «እኔም ከፋብሪካ መቅረት ሲያምረኝ እንዲህ ነበር የማነክሰው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፎቹ የእሷ ሆኑ። ኩባንያው የማስወንጨፉን ቁጥር ለማብዛት ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ነው። አበልጄ «ወፍ አለ ብንል አይሰሙንም። ስንት ወፍ፣ የት፣ በምን ቀን፣ ማለት አለብን» አለችኝ። ስለዚህ ጎጆ መቁጠር ጀመርን። ባገኘነው ጎጆ ሁሉ አጠገብ አንዳንድ የአይስክሬም እንጨት እንተክላለን። ሐኪም ስኳር ከልክሏታል፤ እሷ ግን እንጨቱን ለማግኘት በየቀኑ ሁለት ትበላ ነበር። «ለራሴ መሰለሽ? ለሥራ ነው።» እኔ ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ ጫፉን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቼ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ግንቦት ሲገባ አሥራ አንድ ሆኑ። በየጠዋቱ ከእንጨት ወደ እንጨት እየሄድን እናያቸዋለን፤ በየጎጆው ሦስት ሦስት እንቁላል፣ ሦስተኛው ላይ ብቻ ሁለት።

ከዚያ ሮኬቱ ተነሣ። መንገዱ በማግስቱ ሲከፈት ሄድን። ወደ ማስወንጨፊያው የሚቀርቡት ሰባት ጎጆዎች በግራጫ አቧራና በጠጠር ተሸፍነዋል። በጣቴ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት፤ እንቁላሎቹ ተሰባብረዋል፣ አንዱ ላይ የደረቀው አስኳል ከአቧራው ጋር ሊጥ ሆኗል። ራቅ ያሉት አራቱ ደግሞ ባዶ ናቸው።

«አሥራ አንዱም!» አለች። «ይመዝገብልኝ፣ አበልጄ። አሥራ አንድ።»

አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ግን እኔ ትንሽ ነገር ካየሁ ዓይኔ አይላቀቅም። በአራቱ ጎጆዎች ዙሪያ አቧራ አልነበረም። ስባሪ ቅርፊትም የለም። የነበረው የቀበሮ ዱካ ነው። ዱካው ሜዳውን አላሰሰም፤ ከስምንት ቁጥር እንጨት ወደ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አሥራ አንድ፣ በኛው ጫማ ዱካ አጠገብ ቀጥ ብሎ ሄዷል።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ኖርቤርቶ ገና እሑድ ዕለት «ጎጆ ጠፋ ቢባል ቀበሮ ነው የሚበላው እንጂ ሮኬት አይደለም» ብሎ ሳህን ሊያስወረውራት ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የምትናገረውን ስትለማመድ አገኘኋት።

«አበልጄ፣ እነዚያ አራቱ...» አልኩ። ያየሁትን ነገርኳት።

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከእንጨት ወደ እንጨት?» አለች።

«ከእንጨት ወደ እንጨት።»

«ማዕድ ዘርግተንለት ነዋ። ተራ ቁጥር ሰጥተን!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቆይታ፣ «አሥራ አንድ ብለሽ የጻፍሽው በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ?»

«በእስክሪብቶ።»

«እንግዲያው አትሰርዢው። ከሥሩ ጻፊ።»

«ዝም ብንልስ?» አልኳት፤ እኔ ነኝ ያልኩት። «ከኛ ሌላ ያየ የለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ጥፋት ሳስመዘግብ ኖሬ፣ የራሴ ሲመጣ እስክሪብቶው ሊደርቅ ነው?»

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተናጋሪ ስሙን በካርድ ይሞላል፤ ለያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። አረንጓዴ መብራት፣ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ኖርቤርቶ የኩባንያውን ሸሚዝ ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። የወይዘሮ ኤርመሊንዳ ስም ሲጠራ አዳራሹ እንደ ልማዱ አቃሰተ።

«አሥራ አንድ ጎጆ ቆጥረን ነበር» አለች። «አራቱን ቀበሮ በላቸው። ለቀበሮው መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ በተከልኩት እንጨት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይመዝገብልኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ወፎቹን ያስበላቻቸው ራሷ ናት በሉኛ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ መታ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። አበልጄ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«ጨርሱ፣ ጨርሱ። ግን ደቂቃዬን አትብሉብኝ።»

በልተውባታል። ሳቁ በረድ ሲል መብራቱ ቀይ ሆኗል። «ሰባቱ ግን» ብላ ቀጠለች፣ «ሰባቱ ሮኬቱ በተነሣበት ቀን በአቧራና በጠጠር ሥር ነው የተሰበሩት። እኔ የኔን አራት ወስጃለሁ። እናንተም የእናንተን ሰባት ውሰዱ!» ሽሪምፕ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ጋር ሲታገል የኖረ ድምፅ ነው፤ ጣሪያው ድረስ ተሰማ።

ወደ ቤት ያደረሰን ኖርቤርቶ ነው።

«እማማ፣ ቀይ ሲበራ እኮ ማይኩን ዘግተውታል።»

«እና? ድምፄ አነሰ?»

«አዳራሹስ ሰምቷል። እኔም ሰባቱን ሰምቻለሁ።» መሪውን አጥብቆ ይዟል። «መዝገቡን የሚጽፉት ግን ከማይኩ ነው።»

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍን። የአስተያየት መቀበያው ጊዜ በስብሰባው ዕለት አብቅቷል የሚል መልስ መጣ።

ፈቃዱ በጥር ተሰጠ። ሰነዱ እንደ ወንጌል ወፍራም ነው፤ የተናጋሪው ሁሉ ቃል ከነቁጥሩ ታትሞበታል። አበልጄ መነጽሯን አጥልቃ የራሷን ፈለገች። አስተያየት ቁጥር 412፦ ተናጋሪዋ አራት ጎጆዎች እርሳቸው በተከሉት ምልክት ምክንያት በቀበሮ መበላታቸውን ገልጸዋል፤ ተመዝግቧል። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ፣ በአካባቢው የጎጆ መጥፋት በቀበሮና በሰው ንክኪ የመጣ መሆኑን የአካባቢው ነዋሪ ራሳቸው መስክረዋል ይላል። ሰባት የሚል ቁጥር የትም የለም።

«አራቱን በመናገርሽ አይቆጭሽም?» አልኳት።

«አራቱ እውነት ናቸው። ምን ይቆጨኛል?» ገጹን በእጇ ደባበሰችው። «ሰባቱ ናቸው ሜዳ ላይ የቀሩት።»

ዘንድሮ እንጨት የለም፤ ሐኪሟም ደስ ብሎታል። ወደ ጎጆዎቹ አንጠጋም። ከመንገዱ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጠን በአሮጌ የጦር ሠራዊት አቅራቢ መነጽር ከሩቅ እናያቸዋለን። ቦታቸውን የምይዘው እኔ ነኝ። አንዱ ከተሰበረው ሰማያዊ ክዳን ሁለት ክንድ ወደ ግራ፣ አንዱ ባሕር ከጣለው ጉቶ ኋላ፣ አንዱ ነጭ ቀንድ አውጣ ከተከመረበት አጠገብ። ያየሁት አይጠፋኝም። አበልጄ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ወፎቹን ትሳደባለች፤ «አታስመስይ አልኩሽ! ማንም አልመጣብሽም!» በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ ያየናል። ድሮ ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር።

እኔ እጅ ማንሳት አልችልም፤ ብነሣም ድምፅ አይወጣኝም። ጽሑፌ ግን ንጹሕ ነው። ባለፈው ግንቦት ከወንዙ አፍ በላይ ባለው ጨዋማ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ጎጆ ነበር። አራቱን ቀበሮ በላ፤ እንጨቱን የተከለችው አበልጄ ናት፣ ቀዩን ቀለም የቀባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰባቱ ሮኬቱ በተነሣበት ቀን ተሰበሩ፤ በስድስቱ ሦስት ሦስት፣ በአንዱ ሁለት፣ በድምሩ ሃያ እንቁላል። ወይዘሮ ኤርመሊንዳ ይህን በሰው ሁሉ ፊት ተናግራለች።

ይመዝገብልኝ።