ለጥናት የተቀመጠው ኮኮናት

(ማዱራይ፣ ደቡብ ሕንድ፤ የአንድ ሆስፒታል ኮሪደር። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተመራማሪው ወጣቱ ዶክተር ካቲራቫን ለሁለት የተሰበረ የኮኮናት ቅርፊት ይዞ ይንጎራደዳል። ሃያ ስድስት ዓመት የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ያጸዱት ሙቱፓንዲ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።)

ካቲራቫን፦ ይህ ኮኮናት አይደለም እያልኩዎት እኮ ነው፣ አያ ሙቱ!

ሙቱፓንዲ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ካቲራቫን፦ የሰው ጭንቅላት ነው!

ሙቱፓንዲ፦ ይሁና። ጣፋጭ ጭንቅላት ነበር።

ካቲራቫን፦ በላችሁት?!

ሙቱፓንዲ፦ ሽቦውን አልነካንም።

ካቲራቫን፦ ተማሪዎች የአንጎል ቀዶ ሕክምና እንዲለማመዱበት የሠራሁት መሣሪያ አካል ነው እኮ! ተማሪው ቅርፊቱን እንደ አጥንት ሲሰረስር ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን ከቀደደ፣ መሣሪያው በሽቦው አውቆ እንዲናገር ነበር! ሽቦውን ለመግጠም ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ፕሮፌሰር ናቺያፓን ዛሬ አይተው ካልፈቀዱ መሣሪያው ወደ መጋዘን፣ እኔም ወደ አባቴ ሙዝ እርሻ!

ሙቱፓንዲ፦ ሙዝ ዘንድሮ ጥሩ ይሸጣል።

ካቲራቫን፦ ማነው የሰበረው?

ሙቱፓንዲ፦ አዲስ መሣሪያ ቆሟል፣ ፊቱ ኮኮናት ተቀምጧል፤ ምን ይደረግ? አዲስ አውቶቡስ እንኳ ለበረከት ኮኮናት ሳይሰበርለት ከግቢ አይወጣም። የጸሎቱን እሳት የለኮስኩት እኔ ነኝ። መስበሩን ግን ለትልቅ ሰው ተውኩት።

ካቲራቫን፦ የምን ትልቅ ሰው! ይሄ ደደብ፣ ይሄ ባዶ ቅል...

ሙቱፓንዲ፦ ኧረ ዶክተር፣ ቀስ ይበሉ።

ካቲራቫን፦ አልልም! እንዲህ ያለው በረት እንጂ ሆስፒታል አይገባውም!

ሙቱፓንዲ፦ እንግዲህ እነግራቸዋለሁ።

ካቲራቫን፦ ይንገሩት! ማነው እሱ?

ሙቱፓንዲ፦ ፕሮፌሰር ናቺያፓን።

ካቲራቫን፦ (ግድግዳውን ይዞ ቁጭ ይላል) ፕሮፌሰር...

ሙቱፓንዲ፦ በማለዳ መጥተው። በአንድ ምት፣ እኩል ለሁለት! መልካም ምልክት ነው።

ካቲራቫን፦ አለቀልኝ። ሲሄዱ ምን አሉ?

ሙቱፓንዲ፦ መቼ ሄዱና! ውስጥ ሆነው በመሣሪያው ይለማመዳሉ። ከቤተ መቅደሱ በር ሌላ ኮኮናት ገዝቼ ሽቦውን ገጠምኩላቸው።

ካቲራቫን፦ እርስዎ? እኔን ሦስት ቀን የፈጀብኝን?

ሙቱፓንዲ፦ ሦስቱንም ቀን መብራት የያዝኩልዎት እኔ ነኝ እኮ። ቀና ብለው አላዩኝም እንጂ።

ካቲራቫን፦ እና... ፈቀዱ?

ሙቱፓንዲ፦ ፈርመዋል። ለተማሪው ሁሉ ይዳረስ ብለዋል።

ካቲራቫን፦ (ዘሎ እየተነሣ) ፈረሙ! ልግባና እግራቸውን ነክቼ ላመስግን!

ሙቱፓንዲ፦ (በሩን ጋርደው) አይቻልም። «የመሣሪያውን ፈተና ሳላልፍ ያ ልጅ እንዳይገባብኝ፣ አፍራለሁ» ብለዋል።

ካቲራቫን፦ እሳቸው? የአገሩን ግማሽ ጭንቅላት ከፍተው የዘጉት ሰው?

(ከውስጥ የመሣሪያው ድምፅ ይሰማል፦ «እናዝናለን፣ በሽተኛው ሞቷል። እባክዎ ከመጀመሪያው ትምህርት ይጀምሩ።»)

ሙቱፓንዲ፦ (በጣታቸው እየቆጠሩ) ስድስተኛው ሞት። እኔ በሁለተኛው ሙከራ አልፌያለሁ፤ ይህን ግን ለፕሮፌሰሩ እንዳይነግሩብኝ። ልባቸው ይሰበራል።